«ጠግባ ነው!»

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ አክስቴን ልጠይቅ ብሄድ ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ ነግሷል። ያኮረፉት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ አክስቴ፣ ሁለተኛዋ ድመታቸው ውሮ። በመካከላቸው የሽሮ ፍትፍት ያለበት ሳህን፣ ከሳህኑ አጠገብ ደግሞ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውሃ ተቀምጧል። ሁለቱም አልተነኩም።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«ጠግባ ነዋ!» አሉ አክስቴ። «ከሰኞ ጀምሮ አልበላም ብላለች። ስኳር ነስንሼ ዳቦ ብሰጣት እንኳ አሽትታ ሄደች። ንጹሕ ውሃዋን ትታ በርሜል ሥር የሚንጠባጠበውን ትልሳለች። ተዋት፤ ስትራብ ትበላዋለች!»

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

አማርኛችን እኮ ጉደኛ ነው። ሆድ መሙላትንም ልብ ማበጥንም በአንድ ቃል ይጠራል። በልቶ የተነሳ ሰው ጠገበ ይባላል። አለቃውን የገላመጠም ጠገበ ይባላል። እስከዚህ ደህና። አንዳንዴ ግን የቀረበለትን ያልበላውንም «ጠግቦ ነው» እንለዋለን። ባዶ ሆዷን ሦስት ቀን የዋለችው ውሮ ጥጋበኛ ተብላ ቁጭ አለች ማለት ነው!

«ድመት እኮ ሥጋ በል ናት፤ ሽሮ እንዴት ትብላ?» ብዬ ሞከርኩ። አክስቴ ሁለት መልስ ነበራቸው። አንደኛው ከመጽሐፍ ነው። የነነዌ ሰዎች ንስሐ ሲገቡ ንጉሡ እንስሳቱም ጭምር እንዳይበሉና እንዳይጠጡ አላዘዘም? «ታዲያ የኔዋ ድመት ከነነዌ ከብት በምን ትበልጣለች?» ሁለተኛው ከኑሮ ነው። «እኔ በ77 ወሎ ውስጥ ሰው ቅጠል ቀቅሎ ሲበላ ያየሁ ነኝ። ድመት ሽሮ ናቀች ተብሎ በጾም ሥጋ ፍለጋ አልዞርም!»

ሁለቱም እንደ ዋዛ የሚታለፉ አይደሉም፤ በተለይ ሁለተኛው። ረሀብን በዓይኑ ያየ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ድመት ምርጫ ማውራት ያሳፍራል። «ስንት የሚበላው ያጣ ሰው ባለበት ከተማ የድመት አመል ማስታመም ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም እዚያው ቆሜ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

ብቻ ሆዴ አልችል አለና ለማውቃት አንዲት የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለች። ሳህኑን አላየችም። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ውሮን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አፏን ከፍቶ ማየት ነው። «ጥርሷም ድዷም ደህና ነው» አለች። «አልበላም ያለን ነገር መጀመሪያ አፉን ማየት ጥሩ ነው። መብላት እየፈለገ የሚያመው አለ።»

ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረች። «እማማ፣ ድመትን ‹ስትራብ ትበላለች› ብለው አይተዋት። ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች፣ በተለይ እንደ ውሮ ወፈር ያለች ከሆነች፣ ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ጉበቷ ማጋዝ ይጀምራል። ጉበቷ ያን ሁሉ መቻል ያቅተውና ይታመማል። ከዚያ በኋላ ሥጋ ቢያቀርቡላትም አትበላም።»

ሽሮውን በተመለከተ የነገረችን ደግሞ ይብስ የሚያስደነግጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያበላሻሉ። ውሮ ይህን አውቃ ነው የተወችው አልልም፤ ግን እምቢታዋ ጠቅሟታል። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገርም አለ። ድመት በበቂ መጠን ራሷ ልትሠራው ስለማትችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። ካጣችው ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦስ? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ድመት ጣፋጭን የምትለይበት ጂን የተበላሸ ነው። ለኛ ማር የሆነው ለሷ ምንም ነው። አክስቴ «ደግ አደረግሁላት» ያሉት ደግነት ውሮ ምላስ ላይ አልደረሰም።

ውሃውን አንስታ አሸተተችው። በረኪና ይሸታል። አክስቴ ንጽሕና ወዳድ ስለሆኑ ዕቃውን በበረኪና ነው የሚያጥቡት። የቤት ድመት ዘሯ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው፤ ከደረቅ አገር። አይጥ ስትበላ ከ100 እጅ 70 ያህሉ ውሃ ስለሆነ ከምግቧ ብዙ ትጠጣለች። ስለዚህ ጥማቷ ቶሎ አይቀሰቀስም። ብዙ ድመቶች ደግሞ ምግብ አጠገብ ያለን ውሃ አይወዱም፤ ትኩስ የተቀዳ ወይም የሚንቀሳቀስ ውሃ ይመርጣሉ። በርሜሉ ሥር የሚንጠባጠበው ይህን ሁሉ ያሟላል። እኛ ጥጋብ ያልነው ነገር ለካ ምክንያት ነበረው።

ሐኪሟ እያወራች እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። «መጀመሪያ አፉን ማየት» ያለችው ነገር አያቴን አስታወሰኝ።

አያቴ በመጨረሻው ዓመታቸው እንጀራ መግፋት ጀመሩ። እኛ «አኩርፈው ነው» አልን። አንዳንዶቻችን «እርጅና አመል ያመጣል» አልን። ከዚያ በተራ ማጉረስ ጀመርን። «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» እምቢ ሲሉ እየተቀየምን፣ ሲቀበሉን እየፎከርን፣ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሌላ ጉዳይ ይዘን ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ሲያኝኩ ያምዎታል?» አለቻቸው። አያቴ አፋቸውን ከፈቱ። ድዳቸው ቆስሏል። በርበሬ በነካው ቁጥር ያቃጥላቸው ነበር። «ለምን አልነገሩንም?» ስንላቸው የመለሱት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ማን ጠየቀኝ?»

ስንት ጉርሻ አጎረስኳቸው፤ አንዲት ጥያቄ ግን አልጠየቅኋቸውም። ጉርሻው ለማን ነበር? ለእሳቸው ነው እንዳልል ያመቸውን ከእሳቸው አልሰማሁም። አሁን ሳስበው ከግማሽ በላይ ለራሴ ነበር፤ «አበላሁ» ለማለት።

ወደ ውሮ ልመለስ። ሐኪሟ «በግድ አፏ ውስጥ አይጨምሩባት፤ ጭራሽ ትጠላዋለች። ለብ ያለ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ጸጥ ባለ ቦታ» ስትል አክስቴ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «መጠለያ ጣቢያም እንደዚያ ነበር» አሉ። «በጣም ለተጎዳው ሰው እንጀራ ሰጥተኸው ጥግብ ብሎ ከበላ ይሞትብሃል። ለሕፃናቱ ወተቱ በትንሽ በትንሹ ነበር የሚሰጣቸው። ርቦት የከረመ ሕፃን ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ያኔ ጠግቦ ነው ያለ ሰው ግን አልነበረም።»

ይህን እኔ ልነግራቸው አልችልም ነበር። ከመጽሐፍ ባነብም አፌ ላይ አያምርም። 77ን ያነሱት የድመቷን ነገር ለመዝጋት ነበር፤ መልሶ የከፈተው ግን ያው 77 ነው። ረሀብን በትክክል ያየ ሰው፣ የሚበላ ነገር ማቅረብና ማብላት አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል።

የቀረው ሥጋው ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ለጾሙ ስለዘጉ ሰፈራችን ወዳለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሐጂ ሳንባውን እየቆረጡ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ነቢዩ ስለ አንዲት ሴት የተናገሩትን አጫወቱኝ፦ ድመት ዘግታባት በረሀብ ስለገደለች የተቀጣች ሴት ነች። ጥፋቷ ሁለት ነው። አላበላቻትም፤ ወጥታ ራሷ እንዳትፈልግም በሩን አልከፈተችላትም። ሐጂ ሁለተኛዋን ጥፋት ሲናገሩ ቢላዋቸውን አቆሙ። እኔም አክስቴ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ፣ በራቸውም ሁልጊዜ ዝግ እንደሆነ አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ግኝት፣ ቆጵሮስ ውስጥ 9,500 ዓመት ያህል ባስቆጠረ መቃብር ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኝተዋል። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር አይጧን ራሷ ትይዝ ነበር። በሩን የዘጋነው እኛ ከሆንን ምርጫዋን የወሰድነው እኛ ነን። «መራጭ ናት» ብሎ መውቀስ ከዚያ ወዲያ ያስቸግራል።

አክስቴ ጾማቸውን አልነኩም፤ ድስታቸውንም አላስነኩም። አንድ አሮጌ ጣሳ «የውሮ» ተብሎ ተለየ። ሳንባው በረንዳ ላይ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ተቀቀለ። ሲቀዘቅዝ አክስቴ ትንሽ በጣታቸው ነክተው አቀረቡላት። ውሮ አሸተተች፤ ላሰች፤ ቆም አለች፤ ደገመች። መረቁን ከውሃ ጋር ቀላቅለን ሰጠናት። የመጠጫው ዕቃ ብርጭቆ ሆነ፤ በበረኪና መታጠቡ ቀረ፤ ከምግቡ ርቆ መስኮት ሥር ተቀመጠ፤ ጠዋትና ማታ ይቀየር ጀመር። እስከ ቅዳሜ ውሮ እንደ ወትሮዋ ትበላና ትጠጣ ነበር።

«ታዲያ እምቢ ያለ ሁሉ ይለመን? አመለኛ የሚባል ነገር የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ሐኪሟም ውሮ ሳንባ ብቻ ከለመደች ሌላ ምግብ እንደምትጠላና ሳንባ ብቻውን ደግሞ እንደማይበቃት አስጠንቅቃናለች። ሌላው ምግብ በትንሹ እየተቀላቀለ፣ ሳምንት ያህል ተወስዶ መልመድ አለበት። መጠየቅ ማለት እጅ መስጠት አይደለም። ግን ቅደም ተከተል አለው። «ምን ሆና ነው?» መጀመሪያ፤ «ጠግባ ነው» ከመጣም በመጨረሻ።

እኛ አገር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። የቤት ሠራተኛዋ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች፤ ጠግባለች። ለሊቱን በእንባ አሳልፋ ይሆን? አንጠይቅም። ልጁ ትምህርት ጠላ፤ ጠግቧል። ሠራተኛው በስብሰባ ላይ ቅሬታ አነሳ፤ ጠግቧል። ቃሉ የሚመቸን ጥፋቱን በሙሉ ተቀባዩ ላይ ስለሚጥልልን ነው። ሰጪ ተብሎ የሰጠው ነገር የሚበላ ይሁን አይሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

የነነዌን ነገር ሳልመልስ አልዘጋም። አዎ፣ እንስሳቱም ጾመዋል። ግን ያ መጽሐፍ የሚያልቀው በንጉሡ አዋጅ አይደለም። የሚያልቀው እግዚአብሔር ዮናስን ሲጠይቀው ነው፤ ከ120,000 በላይ ሰው ላለባት ከተማ እንዴት አልራራም ሲለው። በዚያ ጥያቄ ውስጥ በመጨረሻ የተቆጠሩት እንስሳቱ ናቸው። ይህን ለአክስቴ ሳነሳባቸው «አውቃለሁ» አሉ አጠር አድርገው፤ ጣሳውን እያጠቡ።

የፋሲካ ዕለት ለመፈሰክ ሁላችንም አክስቴ ቤት ነበርን። ውሮ የዶሮ ወጡን ሽታ ተከትላ መጣችና ገበታው ሥር ቁጭ አለች። «ሽንኩርት አለበት! እንዳትሰጧት!» ብለው አክስቴ ጮኹ፤ ከጣሳዋ የተቀቀለ ሥጋ አቀረቡላት። ውሮ አሸተተችና ጀርባዋን ሰጥታን ሄደች።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

አክስቴ ተነስተው ተከተሏት። አፏን ከፍተው አዩ። ውሃዋን አዩ። ሆዷን ዳበሱ። ከዚያ እየሳቁ ተመለሱ።

«ጠዋት ሁለቴ አብልቻታለሁ ለካ። አሁንስ እውነትም ጠግባ ነው!»