ሳይሰሙ መፍረድ

ሰው ከተወለደበት ምድር ወጥቶ በሌላ አገር እንጀራ መፈለጉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው፤ መንግሥታትም ወሰናቸውን መጠበቃቸው እንዲሁ የቆየ ነው። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ፍርድ እንዴት ሊቆም ይገባዋል? ይህን ጥያቄ የምናነሣው በቅርብ ስለሚነካን ነው። በወላይታ፣ በበዴሳ ከተማና በዙሪያዋ፣ የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ስለ ሄደ፣ ከእንሰቱ ጓሮ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ ዐረብ አገር መሄድን የሚያስብ ወጣት አይታጣም።

አንዳንዶች፦ «ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ቢባረር ምን በደል አለው? ባለቤት የቤቱን በር ሊዘጋ ይችላል» ይላሉ። ሌሎችም፦ «ለተራበ ሰው ወሰን ምንድር ነው?» ብለው ይመልሳሉ። እኛ ግን ሁለቱም የእውነትን ግማሽ ይዘዋል እንላለን። መንግሥት ወደ ግዛቱ የሚገባውን የማወቅና የመወሰን ሥልጣን አለው። ነገር ግን የማስወጣት ሥልጣን ያለው ሁሉ ሳይሰማ የመፍረድ ሥልጣን አልተሰጠውም።

ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን በሳዑዲ ዐረቢያ የሆነውን እናስብ። የዚያ አገር መንግሥት በ2005 ዓ.ም. የሥራ ሕጉን 39ኛ አንቀጽ አሻሽሎ፣ የውጭ አገር ሰው ከተመዘገበበት አሠሪ በቀር ለሌላ እንዳይሠራ አጥብቆ ከለከለ። ወረቀትን ለማስተካከል የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ካለቀ በኋላም ከጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊሶች መጻተኞችን በየመንገዱና በየሥራው ቦታ ይይዙ ጀመር። ይህም የሆነው እኛ በወርኃ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት ስናስብ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በሪያድ ከተማ መንፉሓ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ተራ ሰዎች ጭምር መጻተኞችን ወደ ማሳደድ ገቡ፤ የሰው ደምም ፈሰሰ።

በሕጉ የተያዙት ሁሉ በደላቸው አንድ ዐይነት አልነበረም። በዚያ አገር «ከፋላ» በተባለው ሥርዐት ሠራተኛው የሚኖረው በአሠሪው ዋስትና ነበርና፣ ደመወዟን የተከለከለች ወይም የተደበደበች የቤት ሠራተኛ ከዚያ ቤት በሸሸችበት ቀን ሕግ ተላላፊ ትሆን ነበር። አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብሎ ሲያመለክት ለምን እንደ ጠፋች የሚጠይቃት እምብዛም አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ያው መንግሥት ብዙ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጡ ፈቀደ። ይህ መልካም ነው፤ የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ ውጭ ቀሩ።

«ይህን ያህል ሕዝብ አንድ በአንድ መስማት እንዴት ይቻላል?» የሚል ይኖራል። አንድ በአንድ ለመያዝ፣ የጣት አሻራ ለመውሰድና በአውሮፕላን ለማሳፈር ከተቻለ፣ አንድ በአንድ ለመጠየቅም ይቻላል።

በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዚያው ከዐረብ ምድር የተሰደዱ ሰዎች ወደ አክሱም ንጉሥ መጥተው ነበር። አሳዳጆቻቸውም ስጦታ አስይዘው መልእክተኞችን እንደ ላኩና ሰዎቹ እንዲመለሱላቸው እንደ ጠየቁ በእስልምና ታሪክ ተጽፎአል። ንጉሡ ግን አስቀድሞ ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ቃላቸውን ከሰማ በኋላም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ሊያስወጣቸው ሥልጣን ነበረው፤ ሆኖም መስማትን ከሥልጣኑ አስቀደመ።

ይሁን እንጂ በሌላው ላይ ብቻ ፈርደን ብንቀመጥ ግብዞች እንሆናለን። ተባሮ የተመለሰው ልጅ በበዴሳ ከአባቱ ደጅ ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል? በሬ ተሽጦ፣ ዕዳ ተገብቶ የተላከ ከሆነ ዘመድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ነው። ባዶ እጁን ያዩ ጎረቤቶችም ይሣለቁበታል። ያን ጊዜ እኛም በገዛ ልጃችን ላይ ሳንሰማ ፈርደናል። እርሱም ኀፍረቱን ሽሽት ከፊተኛው ወደሚብስ መንገድ ይነሣል። ያ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ አይተናል፤ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ በቴቴ አውራጃ፣ በጭነት መኪና ላይ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ወገኖች ሆይ፣ ጌታችን በፍርድ ቀን ስለ እንግዳው እንደሚጠይቀን አስተምሮናልና፣ ከባዕድ መንግሥት የምንሻውን በቤታችን እንጀምር። የተመለሰውን ልጅ አስቀምጠን፣ እግሩን አሳርፈን፣ የደረሰበትን እስኪጨርስ ድረስ እንስማው። ምክሩና ዕዳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።