ፊት የሌለው ደብዳቤ

የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደብዳቤ የላኪው ማዕረግ ከተጻፈ በኋላ «ይድረስ» ይላል፤ ቀጥሎ የተቀባዩን ጤንነት ይጠይቃል፤ የላኪውንም ደኅንነት ይነግራል። ጉዳዩ የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። በመልእክተኛ እጅ ሳምንታት ለሚጓዝ ወረቀት ይህ ተገቢ ነበር፤ በቅጽበት ለሚደርሰው ኢሜይል ግን ሰላምታው ምን ያደርጋል? የሚል አይጠፋም። የሰውን ጊዜ አለማባከን ራሱ አክብሮት ነው ይላል።

አባባሉ እውነትነት አለው፤ ጨዋነት በቃላት ብዛት አይለካምና። ሆኖም ፊት ለፊት የሚነጋገር ሰው ቃሉ ቢሻክር እንኳ ፈገግታውና የድምፁ ልስላሴ ያቃኑለታል። ኢሜይል ይህ የለውም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1995 ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች የወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ በስሜት የተጻፈ መልስ ሳይላክ እንዲያድር መከረ፤ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ብቻ መጻፍም ጩኸት እንደሚመስል አስገነዘበ።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በዚህ መንገድ አይጮኽም። አማርኛ የሚያከብረውም የሚያቃልለውም በግሱ ነው፤ «ላክ» እና «ይላኩ» በመካከላቸው ሰፊ ርቀት አለ። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለአዛውንቱም አንድ ተውላጠ ስም ይበቃዋል። በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ቢሮ በእንግሊዝኛ መጻፍ የለመደ ወጣት ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ አባቱን የሚያህሉ ሰው «አንተ» ቢባሉ የሚሰማቸውን ሊዘነጋ ይችላል። ታላቁን «ሺካሞ» ብሎ እጅ የሚነሣው የስዋሂሊ ተናጋሪም ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የግልባጭ ነገር ነው። አንድ ሠራተኛ ቢሳሳትና አለቃው ለብቻው ሊመክረው ሲችል፣ ተግሣጹን ለመላው የሥራ ክፍል በግልባጭ ቢያሰራጭ፣ መልእክቱ በ«ክቡር» ጀምሮ «ከአክብሮት ጋር» ብሎ ቢያልቅ ምን ይጠቅማል? ሰላምታው አልጎደለም፤ ሰውየው ግን በአደባባይ ተዋርዷል። ስውር ግልባጭም እንደ አጠቃቀሙ ነው። ለብዙ ሰው ሲጻፍ የእያንዳንዱን አድራሻ ከሌላው ዓይን ለመጠበቅ ከዋለ መልካም ነው፤ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የሚጻጻፉ አስመስሎ ሦስተኛ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ለማስቀመጥ ከዋለ ግን ክህደት ነው። በአንጻሩ «ሰነዱ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ» የምትል አጭር መልስ ማዕረግ ባትደረድርም የሚጠብቅን ሰው ከሐሳብ ታሳርፋለች።

እንግዲህ ጨዋነት ያለው በሰላምታው ቀመር ብቻ ሳይሆን፣ የማይታየውን ሰው ፊት በሕሊና በማየት ነው። ጸሐፊው ከመላኩ በፊት ራሱን ይጠይቅ፦ ተቀባዩ ከፊቱ ቢቀመጥ፣ በግልባጭ የተዘረዘሩትም ዙሪያውን ቢከብቡ፣ ይህንኑ ቃል አፍ አውጥቶ ይናገረዋልን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣው ደግሞ ተጽፎ ይቀመጣል።