ቀድሞ የበረረ ሰው ዕዳ

ዛሬ ስለ አውሮፕላን ልጽፍላችሁ ነው። እንዳትስቁብኝ! ነገሩ ዞሮ ወደ እኛው ይመጣል።

ያደግሁት ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይሉ አካባቢ ነው። ጄት ሲነሳ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ልጆቹ ሰማይ ላይ የሚገለባበጠውን ስናደንቅ፣ እዚያ መካኒክ የነበረው አጎቴ ግን "ጎበዝ አብራሪ ማለት ሲወርድ የአውሮፕላኑን ጉድለት አንድም ሳያስቀር መዝገብ ላይ የሚጽፍ ነው። ነገ ሌላ ሰው ይበርበታላ!" ይለን ነበር።

ይህ ነገሩ ትዝ የሚለኝ ስለ ሙከራ አብራሪዎች ሳስብ ነው። እነሱ ማንም ያልሞከረውን አውሮፕላን መጀመሪያ የሚያበሩ ናቸው። በ1946 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር አውሮፕላኑ አየር ላይ ተሰባብሮ ሞተ። በዓመቱ አሜሪካዊው የአየር ኃይል መኮንን ቸክ ዬገር ኤክስ-1 በሚባል አውሮፕላን የድምፅን ፍጥነት ለማለፍ ይሞክር ጀመር። ወደዚያ ፍጥነት ሲቃረብ አውሮፕላኑን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞርበት መሪ አልታዘዝ አለው። ወርዶ ይህንኑ ተናገረ፤ መላ ተፈለገለት። ኦክቶበር 14 ቀን 1947 የድምፅን ፍጥነት አለፈ።

ያው ዬገር ግን አንድ ነገር ደብቋል። ከበረራው በፊት ከፈረስ ወድቆ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። እንዳይከለክሉት ብሎ ለአለቆቹ አልነገረም። በሩን ለመዝጋት አቅም ስላጣ፣ ጓደኛው የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ ሰጠው፤ በእሱ ገፍቶ ዘጋው።

እንግዲህ አንዱን ደብቆ ሌላውን መናገር ትክክል ነው? የጎድን አጥንቱንም ባይደብቅ ይሻል ነበር የምትል ትኖራለች። እኔ ግን ልዩነት አያለሁ። አጥንቱ የራሱ ሕመም ነው። የመሪው ጉድለት ግን ነገ በዚያው ወንበር የሚቀመጠውን ሰው ይገድላል።

እኛም እናታችን ስትደውል ወገባችንን እያመመን "ደህና ነኝ እማዬ" እንላለን። ይሄ ለእኔ ፍቅር ነው፤ እሷ ከዚያ ሆና ምን ልታደርግ ትችላለች? ታናሽ እህታችን "ልምጣ ወይ?" ብላ ስትጠይቅ ግን ሌላ ነው። እሷ ገና መሬት ላይ ናት። ደላላው የነገራት ደሞዝና እዚህ የሚከፈለው ሊለያይ እንደሚችል፣ ፓስፖርቷን ማዳም ልትይዝባት እንደምትችል፣ የዕረፍት ቀን የማታውቅ እህት እንዳለች ልትሰማ ይገባታል። ደጉንም እንንገራት፤ ቤት የሠራችም፣ ወንድሞቿን ያስተማረችም አለች። መዝገብ ላይ የሚጻፈው ሁለቱም ነው።

"ታስፈሪያታለሽ" ትሉኝ ይሆናል። ዬገር ጉድለቱን በመናገሩ በረራው አልቀረም፤ ተስተካክሎ ተበረረ። ልጅቷም ሰምታ ልትመጣ ትችላለች። ግን ውሉን አንብባ፣ ሲቸግራት የምትደውልበትን ስልክ ይዛ ትመጣለች። ብልህ ከሰው ይማራል ይባል የለ? ያ ሰው ዝም ካለ ግን ብልህስ ከየት ይማር?