ጌታ ቅርብ ነው

በግእዝ ሥርዓታችን ከልደት በዓል አስቀድሞ የምናከብራቸው ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ሦስቱም የሚያበሥሩን እግዚአብሔር ወደ እኛ መቅረቡን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የፊልጵስዩስን ምእመናን ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ ብሎ ሲመክር እርሱ ራሱ እስረኛ ነበር፤ የደስታው ምክንያት የኑሮ መመቸት ሳይሆን የጌታ ቅርብ መሆን ነበርና።

የታኅሣሥ ውርጭ የሚበረታባት ደብረ ብርሃን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችን አስጠግታለች። በብርድ ላለ ሰው «ጌታ ቅርብ ነው» እያልን እኛ ርቀን ከቆምን ቃላችን ባዶ ይሆናል። እንግዲህ በዚህ የዝግጅት ወቅት ጋቢያችንንና እንጀራችንን ይዘን እንቅረባቸው። በበረት የተወለደው ጌታ በዚያ ይጠብቀናል፤ ደስታችንም በዚያ ይፈጸማል። አሜን።