አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው

ልጄ፣ ዲኤክሷን ዝቅ ማድረግህን ስሰማ አልተቆጣሁም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ካስጀመረው የኮሮላ ትውልድ የሆነችን፣ ከኋላ የምትገፋ መኪና ከወደቀችበት አንስተህ፣ ቀለሟን መልሰህ፣ ቸርኬዋን አሳምረህ ስትነዳ ማየት ደስ ይለኛል። ዝቅ ማለቱም ያምርባታል። ያሳሰበኝ ሞላውን አስቀይረህ በማግስቱ አላይመንት ልታሠራ መቸኮልህ ነው። አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ካልተሠራ ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ቢያምርም ጎማህ መበላቱን፣ መሪህም መዋለሉን አይተውም።

መኪናዋ ስትወርድ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። የፊት እግሯ ከታች በብራቾ፣ ከላይ በሾኩ ራስ ተይዟል። አካሏ ሲወርድ ብራቾው በጎማው በኩል ከፍ ይላል፤ የጎማውም አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ካምበር የሚባለው ይህ ነው። ጎማውን የሚያዞረው የመሪ ዘንግ ደግሞ ርዝመቱም አቀማመጡም ከብራቾው ይለያል። ሁለቱ እኩል ስለማይነሱ የጎማው ፊት ወይ ወደ ውስጥ ይዘጋል፣ ወይ ወደ ውጭ ይከፈታል። ይህ ደግሞ ቶ ነው። እናንተ ወጣቶች ስትሰበሰቡ የምታወሩት ስለ ካምበር ነው፤ መኪናዋ ቆማም ስለሚታይ። ጎማ ቶሎ የሚጨርሰው ግን ቶ ነው። አንድ ጎማ ከሚሄድበት አቅጣጫ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ በጎኑ እየተፋቀ ነው የሚጓዘው። አዳማ ደርሰህ ስትመለስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በጎኑ ተጎትቷል ማለት ነው። አንድ ዲግሪ ገደማ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ጎማ ግን ቶው ልክ እስከሆነ ድረስ በደህና ይኖራል።

ይህን በእጅህ ማወቅ ትችላለህ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙርና መዳፍህን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ አድርገህ አሻሸው። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘህ የቶ ችግር ነው። የውስጥ ጠርዙ ብቻ ሙልጭ ብሎ ሌላው ለስላሳ ከሆነ ካምበሩን ጠርጥር። የውስጡን ጠርዝ ቆመህ አታየውም፤ ዝቅ ባለች መኪና ላይ ሽቦው እስኪወጣ ድረስ ሳይታወቅ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ጎንበስ በል።

አሁን ወደ ሞላው። አዲስ አጭር ሞላ ገዝተህ ከሆነ መልካም። የድሮውን አስቆርጠህ ከሆነ ግን መኪናዋን በክሪክ አንሣና ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው በመቀመጫው ላይ ጠብቆ መቀመጡን እይ። በእጅህ የሚወዘወዝ ከሆነ አትንዳት፤ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲወርድ ከቦታው ይወጣል። በእሳት አሙቀው ያወረዱት ሞላ ከሆነማ ጥንካሬው ሄዷልና ጣለው። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ከጎንህ የምትቀመጠው እህትህ ናት።

ቀጥሎ ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነገር አለ፤ አደራህን ልብ በለው። በብራቾው ጫፍ ያለው ቦኮላ ጎማ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ብረት ብሎኑ ሲጠብቅ ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ ብራቾው ሲንቀሳቀስ የሚጠማዘዘው የቦኮላው ጎማ ራሱ ነው። ብሎኑ የጠበቀው መኪናዋ በድሮ ቁመቷ እያለች ነበር። አሁን ስትወርድ ቦኮላው ቆማም ሳለች እንደተጠማዘዘ ይውላል፤ አካሏንም ወደ ላይ እየገፋ ቁመቷን ያዛባል፣ ውሎ አድሮም ይቀደዳል። ስለዚህ ጎማዎቹ መሬት ይዘው፣ ክብደቷ በሙሉ እግሯ ላይ አርፎ ብሎኖቹን አላላ፤ መኪናዋን ከፊት ጫን ለቀቅ አድርገህ አወዛውዛት፣ ከዚያ እንደገና አጥብቅ። ከኋላም ሞላ የያዘች ሆነች ባሌስትራ እንዲሁ አድርግ። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዚያ ጎማውን አንሥተህ ግራና ቀኙን ይዘህ ነቅንቀው፤ ከተንቀጫቀጨ አብዛኛውን ጊዜ በመሪ ዘንጉ ጫፍ ያለው ቴስቲና ነው። ላይና ታቹን ይዘህም ድገመው። ያረጀ ቴስቲና ላይ የተሠራ አላይመንት የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይፈርሳል። ያለቀውን ቀይር፣ ንፋሱን አስተካክል፣ አዲሱ ሞላ እስኪረጋ ጥቂት ቀን ኮብልስቶን ላይም አስፋልት ላይም ንዳት። አላይመንት ቤት የምትሄደው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚያ ስትደርስ ፓራውልቷ መወጣጫውን እንዳይነካ ሁለት ረጃጅም ጣውላ ይዘህ ሂድ። የማሽኑ መረጃ ፋብሪካው ባወጣት ቁመት የተሞላ ስለሆነ ካምበሩ ቀይ ሊያሳይህ ይችላል፤ አትደንግጥ። አንተ የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ቶ ልክ ይሁን፣ ካምበሩ በግራና በቀኝ ይቀራረብ፣ ይህ ሲሠራም መሪው ቀጥ ብሎ ይታሰር። ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት ተቀበል። አብዛኛውን ጊዜ ብቻህን የምትነዳ ከሆነ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥ ቢሉህ እሺ በል፤ የሚያውቅ ሰው ነው ያጋጠመህ።

ቪትዝ ያለው ጓደኛህ ሾኩ ከእግሩ ጋር የሚታሰረው በሁለት ብሎን ስለሆነ፣ በአንዱ ምትክ የካምበር ብሎን አስገብቶ ትንሽ ማስተካከል ይችላል። ያንተ ዲኤክስ ላይ ግን ሾኩና የጎማው እግር አንድ ወጥ ናቸው፤ ካምበሩ የሚስተካከለው በሾኩ ራስ ላይ በሚገጠም ተንሸራታች ሳህን ነው። እሱ ከሌለ "በክሪክ ገፍተን፣ በእሳት ጎበጥ አድርገን እናስተካክለዋለን" የሚል ከመጣ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። የኋላ አክስሏ ወጥ ስለሆነ የኋላ ጎማ ላይ የሚፈታ የሚታሰር ነገር የለም። ቢሆንም ይለኩልህ፤ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ከዞረ መኪናዋ በጎኗ ነው የምትሄደው፣ ያኔ የኋላ ቦኮላዎቹን ፈትሽ።

ሲያልቅ ወዲያው ፈጣን መንገድ አትግባ። መጀመሪያ ሰፊና ጭር ያለ ጎዳና ላይ መሪውን ላላ አድርገህ ይዘህ ወዴት እንደምትስብ እይ። ቶው የተከፈተ መኪና ከተማ ውስጥ ቀላል መስሎ፣ 100 ስትደርስ ግን በትንሽ ንፋስ መስመር ትቀይራለች። ክረምት ሲያልፍም አስለካት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ዝቅ ያለች መኪናን ከሌላው አብልጦ ይመታል፤ ሾኩ የሚጫወትበት ቦታ አጥሯልና።

ቅዳሜ ጠዋት ይዘሃት ና። ቦኮላዎቹን አብረን አላልተን እናጥብቃቸው፤ ጣውላውም እኔ ጋ አለ።