ወርቁ የት ነው ያለው?

ላስታ ውስጥ ኩልመስክ ላይ ከአንድ የቅኔ መምህር እግር ሥር ተቀምጬ ነገራ ስሰማ አንድ ነገር አስገረመኝ። ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ሲያቀርብ የኔታ የሚመረምሩት ቤቱ መሙላቱን፣ ዜማው መስተካከሉን፣ ሰሙ ከወርቁ መግጠሙን ነው። ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት፣ ሥላሴ ከሆነ ስድስት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን አሳዝኖት እንደተቀኘ ማንም አይጠይቀውም።

ይህን ሳይ የፖላንድ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ትዝ አሉኝ። ማንፍሬድ ክሪድል እ.ኤ.አ. በ1936 የሥነ ጽሑፍ ጥናት የደራሲውን ሕይወትና ሥነ ልቡና ማሳደዱን ትቶ ወደ ድርሰቱ አሠራር ይመለስ ብሎ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዋርሶ እነ ማሪያ ሬናታ ማየኖቫና ያኑሽ ስዋቪንስኪ መዋቅራዊነትን፣ ድርሰትን በክፍሎቹ ትስስር የማጥናቱን መንገድ፣ አሳደጉት። እንግዲያው የኔታ ሳያውቋቸው የእነሱ ወገን ናቸው አልሁ።

ግን አላረፍሁም። አንድ ባለቅኔ «ንብ» ቢል ሌላ አገር ሰሚው ማር ያስባል። ላስታ ግን ንቦች ሕፃኑን ላሊበላን እንደከበቡት በገድሉ ሲሰማ ያደገ ሰው ንጉሡን ያያል። ቃሉ አልተነካም፤ ቤቱ አልጎደለም፤ ወርቁ ግን ተለወጠ። ታዲያ ወርቁ የት ነው ያለው? በቃሉ ነው ካልሁ ሰሚው ያፈርስብኛል። በሰሚው ነው ካልሁም ሁሉ እንዳሻው ይፈታዋል፤ የኔታም «ተሳስተሃል» ሊሉ ባልቻሉ ነበር። እሳቸው ግን ይላሉ፣ ያርማሉም።

መውጫውን ያገኘሁት እዚያው ፖላንድ ነው። ሚኻው ግዎቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድርሰት በአሠራሩ የሚጠራው፣ አስቀድሞ የሚገምተው ተቀባይ አለው አለ። መዋቅርን ከሰሚና ከታሪክ ጋር ማስታረቃቸው የፖላንዶቹ ትልቁ ሥራ ይመስለኛል። መወድስም ሲቆጠር ሰሚው አብሮ ተቆጥሯል፤ ዳዊት የደገመ፣ ገድል የሰማ፣ የዕለቱን በዓል የሚያውቅ፣ ከዋድላ ወይ ከጎንጅ ወይ ከዋሸራ ቤት የወጣ ሰው ነው። የኔታ የሚያርሙትም በዚህ ሰው ጆሮ ነው። (በዚያው ዘመን በዚያችው ዋርሶ ስቴፋን ስትሬልሲን ግዕዝና አማርኛ ያስተምር ነበር። ሁሉም አብረው አንድ መወድስ ቢሰሙ ኖሮ እያልሁ እቆጫለሁ።)

አሁንም አንድ ጥርጥር ቀረኝ። በማኅሌት የተዘረፈ ቅኔ ዳግመኛ አይባልም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የቀረው ስምንቱ ቤት ብቻ ነው፤ የተነገረበት ሌሊትና ፊት ለፊት የቆሙት ሊቃውንት አልተጻፉም። ክሪድል የባለቅኔውን ሕይወት እንድተው ቢያሳምነኝም ሌሊቱን እንድተው አላሳመነኝም። ሰሚው የሚታወቀው በሌሊቱ ነውና።

ስለዚህ በላስታ ደብሮች ቅኔ የምትሰበስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከእያንዳንዱ ቅኔ ጎን በዓሉን፣ ደብሩንና የሰሙትን ሰዎች ጻፉ።