ለማያውቁት ሰው ዋስ መሆን

ታኅሣሥ 25 ቀን 1931 ዓ.ም. በሮም የአሜሪካ አምባሳደር ዊሊያም ፊሊፕስ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ደብዳቤ ይዘው ሙሶሊኒ ዘንድ ቀረቡ። ጉዳዩ ሂትለር ከቤታቸው የሚያባርራቸው አይሁዳውያን ነበሩ። የሚጠለሉበት ምድር ጠፍቶ ነበርና ደብዳቤው አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ በጣሊያን እጅ ከወደቀችው ኢትዮጵያ የደቡብ ምዕራቡ ደጋ ለሰፈራ ቢሰጥስ የሚል። ሙሶሊኒ አልተቀበለም። ሰፊ መሬት ያላቸው ሩሲያ፣ አሜሪካና ብራዚል ናቸው አለ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ጠያቂውም ተጠያቂውም የዘነጉት ነገር ነበር። በደቡብ ደጋ ሰው ይኖራል። ዛሬ ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በገረሴና በጋሞ ተራሮች ሁሉ እንሰት ተክሎ፣ ገብስ ዘርቶ፣ በዱቡሻ አደባባይ ተሰብስቦ የሚመክርና የሚዳኝ ሕዝብ ነበር። አርባ ምንጭ ራሷ ያን ጊዜ አልተቆረቆረችም፤ ሕዝቡ ግን ከመነሻውም እዚያው ነበር። ከደቡብ ደጋ ነዋሪዎች መካከል፣ በፋሺስት አገዛዝ ሥር ሳለ፣ «እንግዳ ትቀበላለህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ነው። ሰው የራሱ ባልሆነ ነገር ቸር ሊባል ይችላል ወይ? እርዳታን እርዳታ የሚያሰኘው የተቸገረው ማግኘቱ ብቻ ነው ወይስ ሰጪው ከራሱ ማጉደሉም ይቆጠራል? የጎረቤትን ቤት ለእንግዳ አሳልፎ የሰጠ ሰው እንግዳው ባይበርደው እንኳ እንግዳ ተቀባይ አይባልም።

ለሩዝቬልትም ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት፤ ጭንቁ እውነተኛ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ክረምት የ32 አገሮች መልእክተኞች በፈረንሳይዋ ኤቪያን ተሰብስበው ስለነዚሁ ስደተኞች መከሩ። አብዛኞቹ አዘኑ፣ ተናገሩ፣ በራቸውን ግን አልከፈቱም። አሜሪካ ራሷ ከጀርመንና ከኦስትሪያ በዓመት የምትቀበለው 27,370 ሰው ብቻ ነበር፤ በ1931 ዓ.ም. ተራ የሚጠብቀው ግን ከ300 ሺህ በላይ ደርሷል። የራስን ኮታ ከፍ ማድረግ የአገር ቤት ፖለቲካ የሚያስነሣ ጣጣ ነበር። የሩቅ አገር ደጋ ግን ድምፅ አይሰጥም።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያዳነው ነገር እጅግ ተራ ነበር፤ ወረቀት። ወደ አሜሪካ ለመግባት የሚፈልግ ስደተኛ እዚያ የሚኖር ሰው በመሐላ ዋስ እንዲሆነው ያስፈልገው ነበር። ዋሱ ደመወዙን፣ የከፈለውን ግብር፣ በባንክ ያለውን ገንዘብ ይገልጣል፤ ይህ ሰው በመንግሥት ላይ ሸክም ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ብዙዎቹ ፈራሚዎች ስደተኛውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። በቪየና ወይም በበርሊን ያለ ቤተሰብ የስልክ ደብተር አገላብጦ በስም የሚመስለውን ሰው አድራሻ እየፈለገ፣ ዘመዴ ባትሆንም እባክህ ፈርምልኝ እያለ ይጽፍ ነበር። እንግሊዝ ከኅዳር 1931 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ስትቀበልም ዋስትና ጠይቃለች፤ ኋላ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ 50 ፓውንድ መያዣ ተባለ። ኒኮላስ ዊንተን የተባለው የለንደን ወጣት ከፕራግ 669 ልጆችን ያወጣው ተቀባይ ቤተሰብና መያዣ በመፈለግ፣ ደብዳቤ በመጻፍና ፎርም በመሙላት ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ሥራ ለመቀጠር ዋስ፣ ከእስር ለመውጣት ዋስ፣ ገንዘብ ለመበደር ዋስ። ከዋሱ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት የዋስትና ደብዳቤ ለማግኘት ዘመድ አዝማድ ያልዞረ ስንቱ ነው? ዋስ የሚሆን ሰው ምን እንደሚያስፈራውም ሁሉም ያውቃል። ሰውዬው ቢጠፋ ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ላይ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። የሰሎሞን ምሳሌ ለባዕድ ሰው ዋስ መሆንን አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ እጁን የሰጠ እንደተጠመደ ይቆጥረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ መልካም ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ካለ በኋላ አንተ ግን እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ብሎ ይመክራል። ይህ የንብረት ጥበብ ነውና የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ ይሁዳን ያሳየናል። ለአባቱ ለያዕቆብ ስለ ብንያም ዋስ ሆነ፤ ግብፅ ላይ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ወንድሙን ልቀቀውና እኔን በባርነት አስቀረኝ አለ። አይሁድ ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ዋስ ነው። ጳውሎስም ከጌታው የኰበለለውን አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ደብዳቤ አስይዞ ነው የላከው፤ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ በገዛ እጁ ጻፈለት። ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት መካከል አንዱ፣ አጭር ቢሆንም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የዋስትና ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል።

በሩዝቬልት ደብዳቤና በእነዚህ ዋሶች መካከል ያለው ልዩነት ይሁዳም ጳውሎስም ያስያዙት የራሳቸውን መሆኑ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲልቪያ ፓንክኸርስትን ማንሣት ግድ ነው። ይህች እንግሊዛዊት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣዋን የጀመረችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም የጣሊያኑ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ነው። በዚያው ዘመን ከናዚ የሚሸሹ አይሁዳውያን እንግሊዝ እንዲገቡ ትረዳ ነበር። ለሷ የኢትዮጵያ ጉዳይና የአይሁድ ጉዳይ ሁለት አልነበሩም፤ ገዳዩ አንድ ዓይነት ነበርና። ለሚኒስትር ትጽፋለች፣ ለፓርላማ አባል ትጽፋለች፣ መልስ ካልመጣ እንደገና ትጽፋለች። አልጋ አልነበራትም፣ ጦር አልነበራትም፤ የነበራት ብዕርና የማይታክት ስም ነው። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበረች።

የፖርቱጋሉ ቆንስል አሪስቲደስ ደ ሶዛ ሜንደስም እንዲሁ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. በቦርዶ ከተማ የመንግሥቱን ትእዛዝ ተላልፎ ለስደተኞች ቪዛ ፈረመ። የከፈለው ሥራውን ነው። ከሥራው ተገልሎ በድህነት ሞተ።

ኢትዮጵያስ? ራሷ በተጠየቀች ጊዜ ምን መለሰች? ይህን መሸፋፈን አይገባም። ከነፃነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ፣ በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ ኮሚቴ በሐረር በኩል ራሱን የሚያስተዳድር የአውሮፓ አይሁዳውያን ሰፈራ እንዲፈቀድ ጠየቀ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አልፈቀደም። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የፈጸሙት ጭፍጨፋ ገና ከዓይን አልጠፋም፤ በሰፈራ ስም የመጣ ባዕድ ያደረሰው ግፍ ቁስሉ አልሻረም፤ አገሩን ለማስመለስ የሞተ ሕዝብ አውራጃውን ቆርሶ ስጥ ሲባል መደንገጡ ልክ ነው። ባለቤት እምቢ የማለት መብት አለው። ሆኖም በነዚያው ወራት የአውሮፓ አይሁዳውያን በመቶ ሺዎች ይፈጁ ነበር። መብት ያለው እምቢታም ከኅሊና ጥያቄ ነፃ አይወጣም፤ አውራጃ አልሰጥም ማለት ሰው አላስገባም ከማለት ይለያልና። ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ያጸድቃል፤ ሁለተኛው ግን ለማንም መንግሥት የሚጸድቅ አይደለም።

ከራስ ማጉደል ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ጋሞ መመለስ ይበቃል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹና ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ሐዘኑ አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለብቀላ ወጡ። የሚበቀሉትም ገዳዩን ሳይሆን ከገዳዩ ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገረውን የከተማቸውን ነዋሪ ሊሆን ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ነው፤ በሰውና በምድሩ ላይ መዓት የሚያመጣ ነውር። ወጣቶቹ ተመለሱ።

ይህ ሥራ ዋስትና ነው። አባቶቹ ማንም ሳይጠራቸው ለባዕድ ዋስ ሆኑ፤ ያስያዙትም ክብራቸውንና የራሳቸውን ሐዘን ነው። የሞቱት ወገኖቻቸው ስለነበሩ ለመቆጣት ከማንም በላይ ምክንያት ነበራቸው። ቢያዝኑና ዝም ቢሉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። በኤቪያን የተሰበሰቡት መልእክተኞች አዝነው ዝም ያሉት አንዳች ሳይጎድልባቸው ነው።

አሁን ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ታስጠልላለች፤ ከራሷ ልጆችም በግጭትና በድርቅ የተፈናቀሉት ብዙ ናቸው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጥቷል። ወረቀቱ ላይ ያለው መብት ግን አንድ ቀጣሪ «ዋስ አለህ?» ባለ ጊዜ ይቆማል። ዋስ የሚሆነው ዘመዱ በስደት መንገድ ላይ ቀርቷል ወይም ሞቷል። ስለዚህ በገረሴም፣ በአርባ ምንጭም፣ በአዲስ አበባም ደመወዙ የሚመሰክርለት፣ ማኅተም በእጁ ያለ፣ በዕድር ወይም በቤተ እምነት ቃሉ የሚሰማለት ሰው ሁሉ፣ የተፈናቀለ ጎረቤቱን ጠባይ አይቶ፣ የሚችለውን ያህል መዝኖ፣ ስሙን ይስጠው። ይፈርምለት።